የዘይት ቀለም ሥዕልን በመገልበጥ ስለ መማር፦ የሄርኩለስና የኦምፋሌ ምሳሌ ከቤይሩት

ለትምህርት ወደ ቤይሩት የመጣን ኢትዮጵያውያን ብዙ እናነባለን፤ በእጃችን የምንሠራው ግን ጥቂት ነው። ሕክምና የምናጠናው እንኳ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የምናሳልፈው በአብዛኛው በቃል ጥናት ነው። ይህን ጉድለት በመመልከት ጥቂት ተማሪዎች፣ እሑድ ከሥራ ከሚያርፉ በቤት ሠራተኝነት ከሚኖሩ እህቶቻችን ጋር ሆነን፣ ቡርጅ ሐሙድ በተባለው የከተማው ዳርቻ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የዘይት ቀለም ሥዕል መማር ጀምረናል። መምህር ስለሌለን የያዝነው ዘዴ አንድ ታላቅ ጥንታዊ ሥዕል መርጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ መገልበጥ ነው። በሌሎች አገሮች ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም ይህን ዘዴ ልትጠቀሙበት ስለምትችሉ፣ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ለማብራራት እንሞክራለን። እነዚህም፦ ስለምን መገልበጥ? ስለምን ይህ ሥዕል? አሠራሩስ እንዴት ነው? የሚሉት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. መገልበጥና መኮረጅ

ብዙ ሰው መገልበጥ የሚለውን ቃል ሲሰማ ትዝ የሚለው የፈተና አዳራሽ ነው። ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በፈተና የሚኮርጅ ተማሪ መልሱን ይወስዳል እንጂ መንገዱን አያገኝም። ሥዕል የሚገለብጥ ሰው ግን መልሱ አስቀድሞ ፊቱ ተሰቅሎለታል፤ የሚፈልገው መንገዱን ነው። ሠዓሊው ከየትኛው ቀለም ጀመረ? ይህ ጥላ የጠቆረው ጥቁር ስለተቀባ ነው ወይስ የታችኛው ቀለም ስላልተሸፈነ? እነዚህን ጥያቄዎች በማየት ብቻ መመለስ አይቻልም። እጅ ሲሞክር ነው የሚገለጡት።

ይህ ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የተማሩት ከመምህራቸው ሥዕል እየገለበጡ ነው። ቁም ጸሐፊዎቻችንም ብራና ላይ መጻፍን የተማሩት በዚሁ መንገድ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ላይ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂዎች ወደ ኢትዮጵያ አምጥተው ነበር። ሠዓሊዎቻችን ያን ቅጂ ገለበጡት። የተነባበሩትን እጆችና በእጅ የተያዘውን መሐረብ እንዳሉ ተቀበሉ፤ ዓይኑን፣ ልብሱንና ቀለሙን ግን የራሳቸው አደረጉት፤ ሚካኤልንና ገብርኤልንም በግራና በቀኝ አቆሙ። ዛሬ ያን ሥዕል አይቶ የባዕድ ነው የሚል ኢትዮጵያዊ የለም። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፣ በትጋት የገለበጠ ሰው በመጨረሻ የራሱን መንገድ እንደሚያገኝ ነው።

በአውሮፓም እንዲሁ ነበር። ቲትሲያኖ የተባለው የቬኒስ ሠዓሊ ለእስፓኙ ንጉሥ ለዳግማዊ ፊሊፕ የኦሮፓን ጠለፋ ሥዕል በ1562 ሠርቶ ጨረሰ። ከስልሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1628 እና በ1629፣ ሩበንስ ማድሪድ ሄዶ ይህንኑ ሥዕል ገለበጠ። ሩበንስ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ያለፈና በመላው አውሮፓ ስሙ የታወቀ ነበር። ሆኖም እንደ ተማሪ ቆሞ መገልበጥን አልናቀም። የቲትሲያኖ ሥዕል ዛሬ ቦስተን፣ የሩበንስ ቅጂ ደግሞ ማድሪድ በፕራዶ ቤተ መዘክር ይገኛል። በአፈ ታሪኩ ኦሮፓ የፊንቄ ንጉሥ ልጅ ስትሆን፣ በሬ የመሰለው አምላክ የጠለፋት ከዚህ ከሊባኖስ ባሕር ዳር ነው። ከቢብሎስ የተገኘ፣ በ3ኛው መቶ ዓመት በጠጠር የተሠራ የዚሁ ታሪክ ሥዕል በቤይሩት ብሔራዊ ቤተ መዘክር ሊታይ ይችላል።

ለጀማሪ አንድ ብርቱካን መሣል አይቀለውም ወይ? ይቀለዋል። ነገር ግን ብርቱካን የሚያስተምረው ክብ ነገር ብርሃን እንዴት እንደሚቀበል ብቻ ነው። ብዙ ሰዎች ያሉበት የአፈ ታሪክ ሥዕል ግን ራቁት ገላ፣ ሐር፣ የአውሬ ቆዳ፣ እንጨት፣ ጥላና የሰዎች ግንኙነት በአንድነት የቀረቡበት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሥዕል ላይ መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሆኖም በዚያ አንድ ሥዕል ውስጥ የብዙ ትምህርት ክፍሎች አሉ።

2. የመረጥነው ሥዕል

የመረጥነው አርጤሚሲያ ጄንቲሌስኪ የተባለችው ኢጣሊያዊት በ1630ዎቹ በናፖሊ የሣለችው «ሄርኩለስና ኦምፋሌ» ነው። አርጤሚሲያ በሮም በ1593 ተወለደች። ሥዕል የተማረችው ከአባቷ ከኦራትሲዮ ነው። በ1611 አንድ የአባቷ ባልደረባ ሠዓሊ ደፈራት። በ1612 በተካሄደው የፍርድ ሂደት፣ የምትናገረው እውነት መሆኑ እንዲረጋገጥ ተብሎ ጣቶቿ በገመድ እየተጠበቁ እንድትመሰክር ተደረገ። የሠዓሊ ሀብቱ ጣቱ መሆኑን ስናስብ የዚህ ነገር ክብደት ይገባናል። ቃሏን ግን አላጠፈችም። በ1616 የፍሎረንስ የሥዕል አካዳሚ አባል ሆነች፤ ወደዚያ ማኅበር ከሴቶች መጀመሪያ የገባች እሷ ናት።

ሥዕሉ ወደ ቤይሩት የመጣው በጋብቻ ምክንያት ነው። ከከተማው ታላላቅ ቤተሰቦች አንዱ የሆነው የሱርሶክ ቤተሰብ ልጅ አልፍሬድ ሱርሶክ በ1920 ከናፖሊ መኳንንት ወገን የሆነች ሴት አገባ። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ አሽራፊዬ በተባለው ሰፈር በሱርሶክ ቤተሰብ ታላቅ መኖሪያ ተሰቅሎ ኖረ። የማን ሥራ እንደሆነ ግን ዓለም አያውቅም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግሬጎሪ ቡቻክጂያን የተባለ ሊባኖሳዊ ተማሪ በፓሪስ ሶርቦን ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ይህ ሥዕል የአርጤሚሲያ መሆን አለበት ሲል አስረዳ። ጽሑፉ ሳይታተም ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ። የተማሪ ጽሑፍ መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶበት የሚቀር መስሎ ለሚታየን ሁሉ ይህ ሊታወስ የሚገባው ነገር ነው።

ኦገስት 4 ቀን 2020 በቤይሩት ወደብ ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን ያህል አሞንየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ከሟቾቹ መካከል ከሌላ አገር ለሥራ የመጡ ነበሩ። በአሽራፊዬ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል አራት ነርሶቹን አጥቶ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ፤ በሽተኞች በመንገድ ላይ ታከሙ። የሱርሶክ ቤት መስኮቶች ተሰባብረው ስብርባሪው ሥዕሉን በብዙ ቦታ በሳው፤ በሄርኩለስ ጉልበት አካባቢ ሸራው ተቀደደ። የቤቱ እመቤት ኢቮን ሱርሶክ ኮክረን በደረሰባቸው ጉዳት ምክንያት በዚያው ወር መጨረሻ በ98 ዓመታቸው አረፉ።

ቡቻክጂያን ጥናቱን ለሕዝብ ያወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሥዕሉም ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ወደ ጌቲ ቤተ መዘክር ተወሰደ። ኡልሪሽ ቢርክማየር የተባለው የሥዕል ጠጋኝ ከባልደረቦቹ ጋር ዓመታት ከፈጀ ሥራ በኋላ ጠግኖት በ2025 ለሕዝብ ታየ። አጠጋገኑ ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎች የሚያስደስት ነው። መጀመሪያ የብርጭቆ ስባሪ ይለቀማል፤ ቀጥሎ ቁስሉ ይጸዳል፤ ከዚያ የተቀደደው ሸራ ከኋላ ይደገፋል፤ ቀለም የጎደለበት ብቻ ይሞላል። የሚጨመረው ቀለም ወደፊት የተሻለ ዘዴ ሲገኝ ሊነሣ የሚችል ዓይነት ነው። ሥዕሉ ራጅም ተነሥቷል። በዚያ ዘመን ነጭ ቀለም የሚሠራው ከእርሳስ ማዕድን ስለነበረ፣ በራጅ ፊልም ላይ ነጭ የተቀባው ቦታ ልክ እንደ አጥንት ነጥቶ ይወጣል። በዚህ መንገድ ሠዓሊዋ ሥራዋን ከጀመረች በኋላ ሐሳቧን የለወጠችባቸው ቦታዎች ሊታወቁ ችለዋል። ለገልባጭ ይህ ትልቅ ማጽናኛ ነው፤ ታላላቆቹም በአንድ ጊዜ እንዳልጨረሱ ያሳያልና።

3. ታሪኩና እኛ

አፈ ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሄርኩለስ የተባለው ኃያል ሰው አንድ እንግዳውን በቁጣ ገደለ። ከደሙ ለመንጻት በባርነት ተሸጦ ማገልገል እንዳለበት ተነገረው። ዛሬ የቱርክ ምዕራባዊ ክፍል በሆነችው በልድያ የነገሠችው ኦምፋሌ ገዛችው። በሮማ ዘመን የነበሩ ገጣሚዎች በዚህ ላይ የልብስ መለዋወጥ ጨመሩበት። ንግሥቲቱ የአንበሳ ቆዳውን ለበሰች፤ ዱላውንም ያዘች። እሱ የሴት ልብስ ለብሶ ሱፍ ፈተለ። በአርጤሚሲያ ሥዕልም ሄርኩለስ እንዝርት ይዞ ተቀምጦ ወደ ንግሥቲቱ ቀና ብሎ ያያል። ደንገጡሮችና የፍቅር አምላክ የሚባለው ሕፃንም አሉበት።

የጥንቶቹ ገጣሚዎች ይህን ታሪክ የሚናገሩት ለሳቅ ነበር። ኃያሉ ሰው የሴት ሥራ ሲሠራ ተመልከቱት ለማለት ነው። በአገራችንም ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ሆኖ ስለኖረ ቀልዱ ለእኛም ወዲያው ይገባናል። ነገር ግን መሳቅ ያለብን በምኑ ላይ ነው? መፍተል ለሄርኩለስ ውርደት ከሆነ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈትል ለኖረች እናታችን ምን ልንለው ነው? የአንበሳ ቆዳ ከለበሰ ሰው ይልቅ ቤተሰቡን ያለበሰው የእሷ እንዝርት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን ስለ ኅብረት የተነገረ ቢሆንም፣ ድሩ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም።

አብረውን ከሚሥሉት መካከል በዕድሜ የሚበልጡን አንዲት የመንዝ ተወላጅ አሉ። በልጅነታቸው ለባና የሚሆን ሱፍ ይፈትሉ ነበር። የሄርኩለስን እጅ በምንነድፍበት ጊዜ ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «እናንተ ልጆች፣ ይህ ሰውዬ ዓይኑ ክሩ ላይ አይደለም እኮ። ጀማሪ ነው ክሩን የሚያየው። ሳያይ የሚፈትል ብዙ ጊዜ የቆየ ነው» አሉን። ቀጥለውም፣ «የገባው ውል ስንት ዓመት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄው መልስ አለው። ሶፎክሊስ አንድ ዓመት ይላል፤ አፖሎዶሮስ በሚባለው መጽሐፍ ሦስት ዓመት ነው። የተሸጠበትም ዋጋ ለሟቹ ቤተሰብ ካሣ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ይህ ማለት በአፈ ታሪክ ውስጥ ያለ ባሪያ እንኳ የታወቀ የመጨረሻ ቀን ነበረው ማለት ነው። ከዚህ ጋር የእህቶቻችንን ኑሮ ማነጻጸር ግድ ይሆናል። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በሴፕቴምበር 1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ አደረጋቸው። ከፋላ በሚባለው አሠራርም የአንዲት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። በጁን 2020፣ የአገሩ ገንዘብ በወደቀበትና ወረርሽኝ በነበረበት ጊዜ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያት ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው ሐዝሚዬ በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ በአሠሪዎቻቸው ተጥለው እንደነበር ዓለም ያየው ነገር ነው። አንድ የአራት መቶ ዓመት ሥዕል ይህን ሊለውጥ አይችልም። ሆኖም አገልግሎት ዋጋና የጊዜ ገደብ ሊኖረው እንደሚገባ በግልጽ እንድንነጋገር ምክንያት ሆኖናል።

4. ዘይቱ እንዴት ይደርቃል?

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት የዘይት ቀለምን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። ቀለም ማለት የተፈጨ ባለቀለም ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ሲለወስ ነው። በዘይት ቀለም ማጣበቂያው በአብዛኛው የተልባ ዘይት ነው። አዎን፣ በጾም የምንጠጣው ተልባ! ይህ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውኃ በመትነን አይደለም። ከአየሩ ኦክሲጅን እየሳበ፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ጠንካራ ቆዳ ይሠራሉ። እንዲያውም በመጀመሪያ ሲደርቅ ክብደቱ ይጨምራል። የኑግ ዘይት ጠርሙስ አፍ ላይ ውሎ ሲያድር የሚፈጠረውን የሚያጣብቅ ቡናማ ቅርፊት ያስታወሰ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል። የወይራ ዘይት ግን እንዲህ አይደርቅም፤ ስለዚህ ለሥዕል አይሆንም።

ከዚህ ጠባይ ዋናው ሕግ ይወለዳል። የታችኛው ሽፋን ዘይቱ ያነሰ፣ የላይኛው ዘይቱ የበዛ መሆን አለበት። የታችኛው ዘይት ከበዛበት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅና ስለሚንቀሳቀስ፣ ቀድሞ የደረቀው የላይኛው ሽፋን ይሰነጣጠቃል። ስለሆነም የመጀመሪያውን ሽፋን በአኳራጅ እናቀጥነዋለን፤ ወደ ላይ በሄድን ቁጥር አኳራጁን እየቀነስን የተልባ ዘይት እንጨምራለን።

5. አሠራሩ በየደረጃው

ሀ. ሸራ ማዘጋጀት። ሸራው በእንጨት ተላሮ ላይ ተወጥሮ በሚስማር ይመታል። ዘይት ጨርቅን በጊዜ ብዛት ስለሚያበሰብስ መጀመሪያ ስስ ኮላ ይቀባል። ከዚያ ለሥዕል የተዘጋጀ ነጭ ጀሶ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በዚያ ዘመን የናፖሊ ሠዓሊዎች ብዙውን ጊዜ ነጭ ላይ አይጀምሩም ነበር፤ ሸራውን ቡናማ ወይም ቀይ አፈር የመሰለ ቀለም ያለብሱታል። እኛም እንዲሁ አደረግን። መካከለኛ ቀለም ላይ ሲጀመር ብርሃኑንም ጨለማውንም መመዘን ይቀላል።

ለ. ንድፉን ማስተላለፍ። ፎቶግራፉን በእኩል ካሬዎች እንከፍላለን፤ በሸራው ላይም ያንኑ ያህል ካሬ በጠመኔ እናሰምራለን። የሸራችን ረጅሙ ጎን 100 ሳንቲሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ካሬ 10 ሳንቲሜትር ነው። ቀጥሎ ካሬ በካሬ ይነደፋል። ጠቃሚ ዘዴ አለ፦ ፎቶግራፉንም ሸራውንም ገልብጦ በተዘቀዘቀበት መንደፍ። ይህ ሲሆን አእምሮ «ክንድ ነው» ብሎ የሚያውቀውን መሣሉን ትቶ፣ ዓይን በእርግጥ የሚያየውን ቅርጽ ይከተላል።

ሐ. ብርሃንና ጥላ በአንድ ቀለም። ኡምበር በሚባለው ቡናማ አፈርና በነጭ ብቻ ሥዕሉ በሙሉ ይሠራል። ኡምበር ማንጋኒዝ ስላለበት ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ ለታችኛው ሽፋን ተስማሚ ነው። በዚህ ደረጃ ስለ ቀለም ማሰብ አያስፈልግም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ብርሃኑ ከየት መጣ፣ የትስ ቆመ? በግማሽ የተጨፈነ ዓይን ማየት ዝርዝሩን ስለሚያጠፋው መልሱን ይሰጣል። የአካል ጥናት የተማረ ሰው ከጡንቻው በታች ያለውን ያውቃልና እዚህ ይጠቀማል፤ ነገር ግን ያወቀውን ሁሉ እንዳይሥል መጠንቀቅ አለበት። ሥዕል የአናቶሚ ሰሌዳ አይደለም።

መ. የገላ ቀለም። ታችኛው ሽፋን ከደረቀ በኋላ ነጭ፣ ቢጫ አፈርና ቀይ ተቀይጠው ብርሃን ባረፈበት ቦታ ወፈር ተደርገው ይቀባሉ። ወደ ጥላው ሲቀርብ ሽፋኑ እየሳሳ ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል። ነጣ ያለ ቀለም በጥቁር ላይ ስስ ሆኖ ሲቀባ፣ ሰማያዊ ሳይጨመርበት ሰማያዊ ይመስላል። በክንዳችን ላይ ያለው ደም መልስ ሰማያዊ መስሎ የሚታየው ከዚህ በማይርቅ ምክንያት ነው፤ በውስጡ ያለው ደም ጥቁር ቀይ ቢሆንም ብርሃን በላዩ ባለው ቆዳ ውስጥ ሲበተን ዓይናችን ያንን ያያል። የዱሮዎቹ ሠዓሊዎች ይህን በልምድ ደርሰውበታል። የአውሮፓውያን መጻሕፍት ስለ ገላ ቀለም ሲናገሩ የነጭ ሰው ገላ ብቻ በአእምሯቸው አለ። የእኛን ፊት ለመሣል ነጩን መቀነስና ኡምበሩን፣ ቀዩንና ቢጫ አፈሩን መጨመር ያስፈልጋል። በነጸብራቁ ላይ ግን ቀዝቀዝ ያለ ብርሃን በደንብ ይወጣል። ይህን ሸራው ዳር ላይ እርስ በርስ እየተያየን ሞክረነዋል።

ሠ. ልብስና የአንበሳ ቆዳ። የጨርቅ እጥፋት ከሚጎተትበት ቦታ ይነሣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጎትተውን ትከሻ ወይም ጉልበት ማግኘት ነው። ጠጉር በአንድ በአንድ አይሣልም፤ ጅምላው በጨለማና በብርሃን ከተሠራ በኋላ ጫፉ ላይ ጥቂት መስመር ይበቃዋል።

ረ. ስስ ሽፋንና ቫርኒሽ። ሁሉም ሲደርቅ በዘይት የቀጠነ ግልጽ ቀይ ወይም ቡናማ በጥላው ላይ ይደረባል። ይህም እንደ ባለቀለም መስታወት የታችኛውን እያሳየ ያሞቀዋል። ቫርኒሽ ግን ከስድስት ወር በፊት አይቀባም፤ ዘይቱ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከውስጥ ገና ነውና።

ፎቶግራፍ የብሩሹን አካሄድና የቀለሙን ውፍረት አያሳይም። ስለዚህ እውነተኛ የዘይት ቀለም በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። በ1961 የተከፈተው የሱርሶክ ቤተ መዘክር ከፍንዳታው ጉዳት ተጠግኖ በሜይ 2023 እንደገና ተከፍቷል። እዚያ የሊባኖስ ሠዓሊዎችን ሥራ ከቅርብ መመልከት ይቻላል። ከእነሱ አንዱ ኡመር ኡንሲ (1901–1969) በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ጀምሮ ወደ ሥዕል የሄደ ሰው ነው። እኛ ይህን የምንጠቅሰው ሕክምናን ለመተው አይደለም!

6. ስለ ጤና

የዱሮዎቹ ቀለሞች መርዝ ነበሩ። ነጩ ከእርሳስ፣ ደማቁ ቀይ ከሜርኩሪ ይሠራ ነበር። እርሳስ በደም፣ በነርቭና በኩላሊት ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በእርሳስ ነጭ ፈንታ ቲታንየም ነጭን፣ ከአፍጋኒስታን ይመጣ በነበረው ውድ ሰማያዊ ድንጋይ ፈንታ ከ1820ዎቹ ጀምሮ በፋብሪካ የሚሠራውን አልትራማሪን እንጠቀማለን። አኳራጅ በሚከፈትበት ክፍል መስኮት ይከፈት። በሥራ ላይ አይበላ፣ ብሩሽም በከንፈር አይሹል። ከሁሉ በላይ፣ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ አይጣል። ዘይቱ ኦክሲጅን ሲስብ ሙቀት ስለሚያወጣ ጨርቁ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውኃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ።

7. ከዚህ የምናገኘው

በእሑድ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነፃ ለሆነ ሰው ይህ ሥራ ምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ ትዕግሥት የተሞላበት የማየት ልምድ ይሰጣል፤ ይህ ለሐኪምም፣ ለመሐንዲስም፣ ለጠበቃም ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የሥዕል ትምህርት ገንዘብና ጊዜ ላለው ብቻ የተፈቀደ አለመሆኑን ያረጋግጣል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ በአገሩ እንዲህ ያለ ቦታ ከቶ አልነበረም፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ትንሽ ክፍልም ጅማሬ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ በትምህርት ላይ ያለነውንና በቤት ሥራ ላይ ያሉትን በአንድ ሸራ ፊት ያገናኛል። ባሕር ማዶ ስንኖር በመካከላችን የሚፈጠረው ርቀት ቀላል አይደለም፤ ተማሪው በአንድ ጎን፣ ሠራተኛዋ በሌላ ጎን ይቀራሉ። በሥዕሉ ሥራ ግን እነሱ የሚያውቁትን እኛ የማናውቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን ሥራ ለመጀመር ለምትፈልጉ የሚከተለውን እናሳስባለን። በምትኖሩበት ከተማ ካለ ቤተ መዘክር አንድ ሥዕል ምረጡ፤ መገልበጥ ይፈቀድ እንደሆነም ጠይቁ። በፓሪስ ሉቭር ከተከፈተበት ከ1793 ጀምሮ ለገልባጮች ፈቃድ ይሰጣል፤ ሆኖም ቅጂው በመጠን ከዋናው እንዲለይ ግዴታ ነው። ደንቡ ቅጂ እንደ ዋና ሆኖ እንዳይሸጥ ለመከላከል ነው። እናንተም ከሸራው ጀርባ «ቅጂ» የሚለውን ቃል፣ የዋናውን ሠዓሊ ስም፣ የገለበጡትን ሰዎች ስምና ዓመቱን ጻፉ። በእኛ ሸራ ጀርባ የሁላችንም ስም፣ የተማሪውም የሠራተኛዋም፣ በፊደል ተራ ተጽፏል። ከየከተማው የመረጣችሁትን ሥዕልና ያጋጠማችሁን የአሠራር ችግር ብትጽፉልን፣ በሚቀጥለው እትም በዝርዝር እንወያይበታለን።